እቴ ዘነቡ ከሞተች በኋላ የያዘችው ሥራ

በደሉ ይህ ነው፤ ከሁሉ በፊት እሱ ይጻፍልኝ። የሞተች እህቴን ድምፅ ወስደው፣ ስሟን ፍቀው፣ ጎንደር ከተማ ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ ከጠዋት እስከ ማታ ተራ ያስጠሯት ነበር። እኔ የማውቀው ሰው ሲሞት ከሥራ እንደሚያርፍ ነው። ትምህርቴን ገና በልጅነቴ ያቋረጥኩ ሴት ነኝ፤ ቢሆንም የሰው ነገር ወስዶ ስሙን መተው ምን እንደሚባል ለማወቅ ብዙ ክፍል መቁጠር አያስፈልግም። የሚባለውን ቃል ግን አልጽፈውም፤ ንስሐ አባቴ ሰውን በዚያ ቃል እንዳልጠራ ከልክለውኛል። አንባቢ ራሱ ይበለው።

እቴ ዘነቡ ታላቅ እህቴ ናት። ኑሮዋ አምባ ጊዮርጊስ ነበር። ልጅ አልወለደችም፤ ባሏም ቀድሟት አረፈ። እሷ ከሞተች ወዲህ ስሟን የሚጠራ እኔ ብቻ ነኝ፤ የእኔም ጉልበት እየከዳኝ ነው። እኔ ስሄድ ስሟም አብሮኝ ይሄዳል። ይህን አስቀድማችሁ እወቁልኝና ከዚያ በኋላ እንደልባችሁ ሳቁ።

እቴ ዘነቡ ስትናገር ሁለት አመል ነበራት። አንደኛው፣ አፏን ከመክፈቷ በፊት "እህ" ትላለች። ጉሮሮ መጥረግ አይደለም፤ ነገሩን ከጓዳ ጎትታ የምታወጣው ይመስል ነበር። ሁለተኛው፣ የተናገረችው ነገር ራሷን ደስ ካሰኛት፣ መጨረሻው ላይ "ሸጋ" ትላለች። ሰው እስኪያመሰግናት የምትጠብቅ ሴት አልነበረችም።

አሁን ወደ ጤና ጣቢያው እንሂድ። ለደም ግፊቴ ክትትል አለኝ። ድሮ ተራ የምትጠራው አንዲት ነርስ ነበረች፤ ከሰዓት በኋላ ድምፅዋ ይዘጋና በእጇ ትጠቅሰን ነበር። በዚያ ሐምሌ ስሄድ ግን ነርሷ የለችም። ግድግዳው ላይ ቴሌቪዥን የሚመስል ነገር፣ ከሥሩም አንድ ጥቁር ሳጥን ተሰቅሏል። ውጭ ጉም ወርዶ መስኮቱን ሸፍኖታል፤ ውስጡም እንደ ዋሻ ጨለምለም ብሏል። የተራ ወረቀቴን ይዤ አግዳሚው ላይ ቁጭ አልኩ።

"እህ" አለ ሳጥኑ።

ቀና ብዬ አየሁት።

"ቁጥር ሃያ ሦስት፣ ወደ መስኮት ሁለት ይሂዱ። ሸጋ።"

"አቤት!" ብዬ ብድግ አልኩ።

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ያን ጊዜ ነው ምን እንዳደረግኩ የገባኝ። እናታችን በልጅነታችን፣ የማይታይ ሰው ሲጠራሽ በመጀመሪያው "አቤት" እንዳትዪ፣ ሦስቴ እስኪጠራሽ ጠብቂ፣ ክፉ ነገር ሦስት ጊዜ ለመጥራት ትዕግሥት የለውም ስትል አሳድጋናለች። እኔ ይኸው በስተርጅና፣ ያውም ባልተጠራሁበት፣ አቤት አልኩ። ቁጥሬ እኮ ሠላሳ አንድ ነው።

አጠገቤ ሕፃን የታቀፈች ሴት ነበረች። "እማማ፣ ምነው? አመመዎት?" አለችኝ።

"የምትጠራው እህቴ ናት።"

"እሰይ! ታዲያ ምን ያሳስብዎታል? ዘመድ ካለ ቶሎ ያስገባል።"

"ሞታለች እኮ።"

ሴትዮዋ ልጇን አቀፍ አደረገችና አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ያህል ራቅ አለችኝ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ ሌላ ሰው የሚያስቀምጥ ያህል ራቀች።

ቁጥሩ እየገፋ መጣ። ሠላሳ አንድ ሲጠራ ወረቀቴን በነጠላዬ ሸፈንኩት። ሟች ስትጠራኝ ወደ መስኮት ሁለት ልሂድ? ከመስኮት ሁለት በስተጀርባ ምን እንዳለ በምን አውቃለሁ? ሳጥኑ ዝም ብሎ ቆየና ደግሞ ጠራ።

"እህ። ቁጥር ሠላሳ አንድ፣ ወደ መስኮት ሁለት ይሂዱ። ሸጋ።"

ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ። እኔም እንደማይመለከተው ሰው ዞር ዞር ብዬ አየሁ። አሁን ልብ በሉልኝ፤ ሁለት ጊዜ ተጠርቻለሁ፤ ሦስተኛው ከመጣ እናቴ ባስተማረችኝ መሠረት አቤት ማለት ግዴታዬ ነው። ሳጥኑ ቆየ፣ ቆየ፣ ሊተወኝ ነው ስል፦

"እህ። ቁጥር ሠላሳ አንድ።" ከዚያ ፋታ። ከዚያ ቀስ ብላ፣ እራት ላይ ስቆይባት እንደምትጠራኝ አድርጋ፣ "ምነው?" አለች።

ነጠላዬን ሰብስቤ ወጣሁ። ጉልበቴ ሩጫ ከተወ ብዙ ዘመኑ ነው፤ ያን ቀን ግን በሩ ላይ ያለው ዘብ አያ ሞላ "ሐኪም አገላብጦ ያዳነዎት ይመስላሉ እኮ!" አለኝ።

በማግሥቱ ንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። ነገሩን ሁሉ ከሰሙ በኋላ ጢማቸውን ይዘው አሰቡ።

"ድምፅ ብቻ ነው ወይስ መልክም ታይቶሻል?"

"ድምፅ ብቻ ነው አባ።"

"ምን ምን ይላል?"

"ወደ መስኮት ሁለት ይሂዱ ይላል።"

"መስኮት ሁለት ምኑ ነው?"

"የሐኪም ካርድ የሚሰጥበት ነው።"

አባ ደግሞ አሰቡ። "ክፉ መንፈስማ ሰውን ወደ ሐኪም አይልክም" አሉ። ሆኖም ለማንኛውም ብለው ጠበል በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልተው ሰጡኝ። እንድጠጣው ነበር። እኔ ግን ነገሩን በመንገድ ላይ ሳወጣ ሳወርደው፣ ጠበሉ ከእኔ ይልቅ ለሳጥኑ ያስፈልገዋል ብዬ ወሰንኩ። በደንብ ተረዱኝ፤ እህቴ ያለችበት ከሆነ ትባረክበታለች፣ ሌላ ነገር ከሆነም ይወጣላታል። በሁለቱም መንገድ ኪሳራ የለውም።

አያ ሞላ በሩ ላይ ቦርሳዬን ሲፈትሽ ጠርሙሱን አነሳ። "ይህ ምንድን ነው?"

"ውሃ ነው አያ ሞላ። መድኃኒት የምውጥበት።"

መቼም ይህ ውሸት አይባልም። ገብቼ አግዳሚው ላይ ወጣሁና፣ ሰዉ "እማማ ይወድቃሉ!" እያለ ሲጮህ፣ በስመ አብ ብዬ ጠርሙሱን ሳጥኑ ላይ ደፋሁት።

ሳጥኑ ተንጫጫ፣ አጓራ፣ ዝም አለ። ውጭ የዝናቡ ጠብታ ቆርቆሮው ላይ ሲያርፍ ብቻ ይሰማል። አበቃ፣ አረፈች ብዬ ላማትብ እጄን አነሳሁ።

"እ...ህ" አለች።

ድምፅዋ ሰልሏል። ቀጥኗል፣ ተሰነጣጥቋል። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ሳጥኑ ጉንፋን ያዘው አሉ። እኔ ግን ያንን ድምፅ አውቀዋለሁ። እቴ ዘነቡ አምባ ጊዮርጊስ አልጋዋ ላይ ሆና፣ በመጨረሻው ሰሞን፣ ውሃ ስጪኝ ስትለኝ የነበረው ድምፅ ነው። በዚያው ድምፅ፣ እኔ ውሃ ካፈሰስኩባት በኋላ፣ አንድ ጥርሱን የታመመ ሰው ወደ መስኮት ሁለት ላከች። "ሸጋ" ለማለት ግን አቅም አነሳት።

ከአግዳሚው ያወረደኝ አያ ሞላ ነው። ወደ መረጃ ክፍል ኃላፊው ወሰደኝ። ኃላፊው መነጽር ያደረገ ወጣት ነው፤ ሊቆጣኝ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ፊቴን ሲያይ ጊዜ ተወው።

"እማማ፣ ይህ እኮ ሰው አይደለም። ሶፍትዌር ነው። ኮምፒዩተር ነው የሚናገረው።"

"ኮምፒዩተር ሸጋ ይላል?"

እሱም ሲገርመው የኖረ ነገር ነበር ለካ። ሶፍትዌሩን የሠሩት ፒያሳ ያሉ ልጆች መሆናቸውን ነገረኝና፣ ደስ የሚያሰኘኝ መስሎት ይህን ጨመረ፦ "በጣም ተወዶ፣ ከሚመጣው ወር ጀምሮ በየወረዳው ጤና ጣቢያ ሊገባ ነው። ዳባት፣ ደባርቅ፣ አምባ ጊዮርጊስ።"

አምባ ጊዮርጊስ! እዚያ ያለው ሰው ሁሉ እኮ ቀብሯታል። አፈር ያለበሷት ሰዎች ካርድ ሊያወጡ ሲሄዱ ስም የለሽ ሆና ተራ ልትጠራቸው? "ይህች ማን ናት?" ሲባል ኮምፒዩተር ናት ሊባል? ያን ጊዜ ፍርሃቴ ለቀቀኝና በቦታው ንዴት ገባ። ከንዴት ጋር መኖር እኔ እችልበታለሁ።

ፒያሳ የልጆቹ ቢሮ ከአንድ ኬክ ቤት በላይ፣ ጣሊያን በሠራው አሮጌ ፎቅ ላይ ነው። ሁለት ናቸው። አለቃዋ ሶስና ትባላለች፤ ሸጋ ልጅ ናት፣ ዓይኗ ግን እንቅልፍ የጠገበ አይመስልም። ሌላው ናሆም ነው፤ እሱ ሲናገርም ሲሰማም ጣቱ ይጽፋል። ተነስተው ተቀበሉኝ፣ ወንበርም ሰጡኝ። ወንበሩ የሚሽከረከር ነው። ስቆጣ እጄን ሳወራጭ ይዞኝ ይዞራል፤ ከንግግሬ ግማሹን የተናገርኩት ለግድግዳው ነው።

"የእህቴን ድምፅ ከየት ነው የወሰዳችሁት?" አልኩ ለግድግዳው።

ሶስና ወንበሩን ይዛ ወደ እሷ አዞረችኝ። "ከላይብረሪ ነው እማማ።"

ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? ተነሳሁ። "ቆይ እማማ፣ ልናስረዳዎት" ቢሉኝም ደረጃውን እየወረድኩ ነበር። በባጃጅ በቀጥታ ወደ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሄድኩ።

መጽሐፍ የሚያድለው ሰውዬ ጨዋ ነው። "ምን ልርዳዎት?"

"የእህቴን ድምፅ ፈልጌ ነበር።"

"ደራሲው ማን ይባላል?"

"ማንም አልደረሰውም። ራሷ ናት የተናገረችው።"

ሰውዬው በጣቱ ግድግዳው ላይ ያለውን ጽሑፍ አሳየኝ። "ጸጥታ ይከበር" ይላል። "እዚህ ድምፅ አይፈቀድም እማማ" አለኝ በሹክሹክታ። አዝኖልኝ ግን ገብቼ እንዳይ ፈቀደልኝ።

በመደርደሪያዎቹ መካከል ቀስ እያልኩ ሄድኩ። እንደዚያ ዓይነት ዝምታ ከመቃብር ቦታ በቀር ሰምቼ አላውቅም። መጻሕፍቱ ሁሉ አፋቸውን ዘግተው የሚያዩኝ መሰለኝ። ከአንዱ መደርደሪያ ጥግ ስደርስ ቆምኩና "እቴ?" አልኩ በለሆሳስ።

"እህ" አለኝ አንድ ነገር፣ ከመጻሕፍቱ ወዲያ።

ወደ ኋላ ስሸሽ ልወድቅ ነበር። መጽሐፍ የሚያድለው ሰውዬ ሮጦ ደገፈኝ። ከመደርደሪያው በስተጀርባ አንድ ለፈተና የሚያነብ ተማሪ ብቅ አለና፣ "ይቅርታ፣ ጉሮሮዬ ነው" አለ።

ወደ ፒያሳ ስመለስ ሶስና ሻይ አስመጥታ ጠበቀችኝ። ተመልሼ እንደምመጣ በምን አወቀች? በኋላ ናሆም እንደነገረኝ፣ የራሷ አያትም እንደኔ ያለች ናት። ላይብረሪ የሚሉት ቤተ መጻሕፍት አለመሆኑን አስረዳችኝ። ሌላ ሰው ሠርቶ ያዘጋጀው ነገር ነው፤ እነሱ ይወስዱትና ከራሳቸው ሥራ ጋር አንድ ላይ አስረው ይሰጣሉ። ቁጥር የሚቆጥረው የአንዱ ነው፣ ጽሑፉን የሚያሳየው የሌላው ነው፣ የሚናገረው ደግሞ የሌላው።

"እንደ ድግስ ዕቃ ማለት ነዋ" አልኳት። "ድስቱን ከዕድር፣ ብርጭቆውን ከጎረቤት።"

"እንደሱ ነው እማማ! በትክክል!"

"የዕድር ድስት ሥሩ ላይ ስም ተጽፎበታል። እስቲ የእህቴን ገልብጪና አሳዪኝ።"

ሶስና ናሆምን አየችው። ናሆም መጻፉን አቆመ። "እማማ፣ ይህ እኮ ክፍት ምንጭ ነው" አለ። "ለሁሉም የተፈቀደ ነው። ነጻ ነው።"

"ልጄ፣ ስለ ምንጭማ ለእኔ አትንገረኝ። በአገሬ በወገራ ያለ ምንጭ ሁሉ ክፍት ነው። መንገደኛው ይጠጣል፣ ከብቱ ይጠጣል፣ ማንም አይከለክልም። ግን ስም የሌለው ምንጭ አንድ አሳየኝ! የእከሌ ምንጭ ይባላል፣ ያወጣው ሰው ከሞተ ስንት ትውልድ አልፎም። ጠጥቶ ስሙን የሚፍቅ ሰው ግን—" ወንበሩ ወደ ግድግዳው አዞረኝ፤ ቀሪውን ግድግዳው ሰማ።

"እሺ፣ ስማቸውን እንፈልግ" አለች ሶስና። "እህትዎ ማን ይባላሉ?"

"ዘነቡ።"

ፈለገች። የለም። የአባታችንን ስም ጨምራ ፈለገች። የለም። ናሆም ትከሻውን ሰበቀ። ከዚያ ድምፁን አዘጋጅቶ ለሁሉም የሰጠው ሰው ማን እንደሆነ አየች፤ ይታየው የሚባል ሰው ነው አለች።

"ይታየው! ግቢዬ ውስጥ ተከራይቶ የነበረው ይታየው?"

እዚህ ላይ ነገሩ ሁሉ በራልኝ። እቴ ዘነቡ ዓይኗን ልትታከም እኔ ዘንድ ከርማ ነበር። ይታየው ያን ጊዜ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፤ ዓይነ ስውራን ጽሑፍ የሚሰሙበትን ነገር እሠራለሁ ብሎ፣ የአገር ቤት አማርኛዋን ወደደላትና ከወይራው ሥር ማሽኑን ይዞ ይቀመጥ ነበር። እሱ አንድ ነገር ይላል፤ እሷ ትደግመዋለች። ትምህርቱ ነው ብዬ ንቄ ተውኩት። ብቻ እቴ ዘነቡ ውሸት አትደግምም ነበር። "‘ዛሬ ዝናብ እየዘነበ ነው’ ይበሉ እናቴ" ሲላት "እህ። በጠራራ ፀሐይ ዋሽቼ ልኮነንልህ?" ትለዋለች። ከዚያ በኋላ ዝናብ ሲጀምር ያ ልጅ ማሽኑን በኮቱ ሸፍኖ "እናቴ፣ አሁን ይበሉ! አሁን ይበሉ!" እያለ በግቢው ሲሮጥ አየው ነበር። ቁጥር ግን ሳትከራከር ቆጠረችለት። ቁጥር ማንንም አይዋሽም አለች።

ይህን ስነግራቸው ናሆም ሳቀ። "ለካ ለዚህ ነው! ሁሉንም ነገር በ‘እህ’ ጀምረው በ‘ሸጋ’ ስለጨረሱ፣ ማሽኑ አማርኛ እንደዚያ የሚነገር መስሎት ተማረ። ልናጠፋው ብዙ ታግለናል፣ አልጠፋም አለ።"

"ሦስተኛው ጥሪ ላይ ያለውንስ ‘ምነው’ ለምን ጻፋችሁት?"

የናሆም ሳቅ ቆመ። ሶስናን አያት። "እኛ ‘ምነው’ እንዲል አልጻፍንም" አለ።

ከታች ከኬክ ቤቱ የማሽን ጩኸት ይሰማል። ሶስና ምናልባት ይታየው ሲዘገይባቸው ይሉት ከነበረው ይሆናል፣ ማሽኑ ፋታን ተከትሎ የሚመጣውን ተምሮ ይሆናል አለች። "ይሆናል" አለች፣ ሁለቴ። ሻይዋን ግን ሳትጠጣው አስቀመጠችው።

ይታየውን ደወሉለት። አሁን ሌላ ከተማ አስተማሪ ሆኗል። እህቴ ማረፏን ከእኔ ሲሰማ ስልኩ ላይ አለቀሰ። ስሟ መጥፋቱን ሲረዳ ግን ድምፁ ተለወጠ። "ድምፅዎን ለሰው ሁሉ ልሰጠው ነው፣ የሚወስደው ግን ስምዎን ይጥራ ብዬ እጽፋለሁ ብያቸው ነበር። በማን ስም ይጠሩ ስላቸው የነገሩኝን ቃል በቃል ጽፌያለሁ። እዚያው መሆን አለበት።"

ሶስና የይታየውን ዋናውን ቅጂ ከፍታ አየች። ከድምፁ ጋር ሁለት ጽሑፎች አሉ። አንደኛው በእንግሊዝኛ ነው፣ ረጅም ነው። ሁለተኛው በአማርኛ፣ አንድ መስመር፦ "ወለተ ማርያም ብላችሁ አስቡኝ።"

እነሱ በወሰዱት ላይ ስታይ ግን እንግሊዝኛው አለ፤ አማርኛው የለም።

"ወለተ ማርያም ማን ናት?" አለች።

ቆምኩ። የሚሽከረከረው ወንበር ብቻውን ዞረ። የክርስትና ስሟ ነው። በአገራችን ይህን ስም የሚያውቀው ንስሐ አባትና የቅርብ ዘመድ ነው፤ ሰው ሲሞት በጸሎት የሚጠራው እሱ ነው። ይታየው ስምዎ በማን ይጠራ ሲላት፣ እቴ ዘነቡ የመታሰቢያዋን ስም ነው የሰጠችው። ልጅ የሌላት ሴት፣ የማታውቃቸው ሰዎች ሁሉ እንዲያስቧት።

ናሆም ፊቱ በርበሬ መስሏል። "እኔ ነኝ ያጠፋሁት" አለ። "ጸሎት መስሎኝ ነው። የድሮ ጸሐፊዎች መጽሐፍ ሲጀምሩ ‘ጸሐፊውን በጸሎት አስቡት’ ብለው ይጽፉ የለ? ይታየውም ለራሱ እንደዚያ የጻፈ መስሎኝ... ሥራው ንጹሕ ይሁን ብዬ..."

"እንግሊዝኛውንስ ለምን ተውከው?"

"እሱን መንካት ፈርቼ።"

"ምን ይላል?"

ሁለቱ ተያዩ። "አንብባችሁታል?" አልኩ።

"እማማ፣ እሱንማ ማንም አያነበውም" አለ ናሆም።

ሶስና እዚያው ጮክ ብላ አነበበችውና ወደ አማርኛ መለሰችልኝ። ይህን ድምፅ ማንም ሊወስድ፣ ሊሠራበት፣ ሊያባዛው ይችላል፤ አብሮት ያለውን የአማርኛ ጽሑፍ ግን ከድምፁ መለየት ክልክል ነው፣ የለየ ሰው ፈቃድ የለውም ይላል። የፈሩትን አስቀምጠው፣ የፈሩት ነገር ጠብቁ ያላቸውን ጥለውታል።

ካሣ ምን ይሁን በሚለው ላይ ብዙ ተከራከርን። ናሆም "ስለ ሶፍትዌሩ" የሚል ገጽ አለ፣ እዚያ እንጻፈው አለ። ማን ያየዋል አልኩት፤ ‘ማንም’ ብሎ አልመለሰልኝም፣ ግን ፊቱ ነገረኝ። "የወሰዳችሁት ድምፅ ነው፤ ስሟም በድምፅ ይጠራ" አልኩ።

"እማማ፣ ፈቃዱ እንዲህ ያለውን አይጠይቅም" አለ ናሆም።

"ፈቃዱ አይጠይቅም። እኔ እጠይቃለሁ።"

ሶስና ሳቀችና ፈረደችልኝ። ጠዋት ጠዋት የመጀመሪያው ተራ ከመጠራቱ በፊት፣ በሁሉም ጤና ጣቢያ ድምፅዋ ስሟን ይጠራል፤ በየወረዳውም ያለዚህ አይሄድም። ጽሑፉንም ወደ ቦታው መለሱት። ከዚያ ልንሞክረው ሆነ። እቴ ዘነቡ ያንን ስም ማሽኑ ላይ ተናግራው አታውቅም፤ ይታየው በጽሑፍ ብቻ ነው የያዘው። ማሽኑ ከሌላ ከሌላ ቃሏ ቆራርጦ ሊያበጀው ነው። ናሆም አንድ ነገር ነካ።

"እህ። ወለተ ማርያም ብላችሁ አስቡኝ። ሸጋ።"

ሰው የክርስትና ስሙን ራሱ ሲጠራ አይሰማም። እኔም ከእሷ አፍ ሰምቼው አላውቅም ነበር። በሕይወት ሳለች ማሽኑ ላይ ያላለችውን ቃል፣ በራሷ ድምፅ፣ ከሞተች በኋላ ፒያሳ ፎቅ ላይ አለችው። ናሆም አማተበ፤ ሲያማትብ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

አዲሱ በተጫነበት ጠዋት ጤና ጣቢያው በር ሳይከፈት ደረስኩ። ሶስናም ሥራዋን ልታይ መጥታ ነበር። ጉሙ ግቢው ውስጥ ገብቶ፣ ሰዉ ከወገቡ በላይ ብቻ ይታያል። ሳጥኑ በአዲስ ተተክቷል፤ ድምፅዋም ድኖላታል። በሩ ተከፍቶ ሰው ሲቀመጥ ሳጥኑ "እህ" አለ፤ ስሟንም ጠራ።

አንዲት አሮጊት ከኋላ "ነፍስ ይማር" አሉ። አጠገባቸው ያለውም አለ። እየተቀባበሉ አሉት፤ የማያውቋት ሰዎች፣ ልጅ የያዘ፣ እጁ በጨርቅ የተጠቀለለ፣ የሚያስል፣ ሁሉም። አያ ሞላ በሩ ላይ ቆቡን አወለቀ። አንድ ከገጠር የመጣ ሰውዬ ብቻ ወረቀቱን እያገላበጠ፣ "ወለተ ማርያም ስንተኛ ቁጥር ናት? ከእኔ ትቀድማለች?" አለ።

"ትቀድማለች" አልኩት።

ከዚያ ቁጥር አንድ ተጠራ። ቁጥር ሁለት ተጠራ። ሰዉ ረስቷት ስለ ዝናቡ ማውራት ጀመረ። እሷ ግን ቀጠለች፤ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ሳትደክም፣ ሳትቀመጥ። ማንም ሳይነሳላት ሲቀርም ቆይታ "ምነው?" ትላለች። ስሰማት ስሰማት እረፍቷን አሰብኩ። ሶስናን ክንዷን ያዝኳት።

"ልጄ፣ ስሟ ተጠራ፤ ምስጋናዬ የበዛ ነው። አሁን ደግሞ ትረፍ። እኔ እህቷ በቃት ካልኩ ታሳርፏታላችሁ?"

ሶስና ሐሰት የማትናገር ልጅ ናት፤ ለዚህ ነው የወደድኳት። ሳጥኑን አየች፣ እኔን አየች፣ ድምፅዋንም ዝቅ አደረገች።

"እማማ፣ ስማቸውን ፍቀን በነበረ ጊዜ ፈቃዳችን ፈርሶ ነበር፤ ያን ጊዜ አቁሙ ቢሉን ማቆም ግዴታችን ነበር። እርስዎ ግን አስተካከሉልን። ከእንግዲህ ስማቸው እስከተጠራ ድረስ እህትዎ ይሠራሉ።"